ሂት ሲንኩን ነክቼ የተሸወድኩበት አምፕ

አምፑ፣ ማለትም የድምፅ ማጉያዬ፣ ሲበራ ጥሩ ነው። ሙዚቃው ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ባሱም አለ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ግን የግራው ቻናል ትንሽ ይንኮሻኮሽና ጭጭ ይላል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ይመለሳል። ከዚያ እንደገና ይጠፋል። የመጀመሪያው መጥፋት ሃያ ደቂቃ ፈጅቶ ሁለተኛው፣ ሶስተኛውና አራተኛው በሰከንዶች ልዩነት ነው የሚከታተሉት። ይህችን ነገር ያኔ ልብ አላልኳትም። ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ባልደከምኩ ነበር።

መጀመሪያ አምፑ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በኤልኤም 1875 የተሰራ ስቴሪዮ ነው፣ ለየቻናሉ አንድ አንድ ቺፕ። አምስት እግር ያለው፣ ከጀርባው የብረት ምላስ ያለው፣ በአንድ ብሎን የሚታሰር የታወቀ ቺፕ ነው። ትራንስፎርመሩ ሁለት ጊዜ 12 ቮልት፣ 80 ቪኤ ነው። ተስተካክሎ ሲወጣ፣ ጭነት ላይ ፕላስ ማይነስ 16 ቮልት ይሰጣል። ሁለቱም ቺፖች አንድ የአሉሚኒየም ሂት ሲንክ (ሙቀታቸውን ወደ አየር የሚያስወጣ ክንፋም ብረት) ይጋራሉ፣ ሁሉም ነገር ደግሞ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ነው። በ8 ኦም ስፒከር ወራት ሰራ፣ አንድም ቀን አላስቸገረም። ከዚያ ስፒከሮቹን በ4 ኦም ቀየርኳቸው። ችግሩ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው።

እኔ ግን ስፒከሩን አልጠረጠርኩም። የጠረጠርኩት ቺፑን ነው። ዕቃ ሲያስቸግር «ፎርጅድ ነው» ማለት ይቀናናል፣ ቀላል ነዋ፣ ጥፋቱን ሌላ ላይ ይጥላል። የግራውን ነቅዬ በሌላ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ቀጥዬ ኦስሲሌሽን (ቺፑ ድምፅ ሳይገባበት በራሱ ማፏጨት) ይሆናል አልኩ። ይህ እንኳን ጥሩ ጥርጣሬ ነበር። ኤልኤም 1875 ጌይኑ (የማጉላት መጠኑ) ከ10 በታች ከሆነ ወይም የ100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተሮቹ ከእግሮቹ ከራቁ በማይሰማ ፍሪኩዌንሲ ሊያፏጭ ይችላል፣ ያኔ ሙዚቃ ሳይኖርም ይግላል። ኢንፑቱን ሾርት አድርጌ ከረንቱን ለካሁ፤ በአንድ ቺፕ 70 ሚሊአምፔር ገደማ። ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ ወረቀት) የሚለውም ያንኑ ነው። ኦስሲሎስኮፑም ላይ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ አይደለም።

በዚህ ጊዜ ነው እጄን ሂት ሲንኩ ላይ ያሳረፍኩት። ወዲያው አነሳሁት። ያቃጥላል! በቃ ተገኘ አልኩ፣ ሂት ሲንኩ ትንሽ ነው። አሮጌው በዋት 2 ዲግሪ የሚል ነበር፣ ማለትም አንድ ዋት ሙቀት በገባበት ቁጥር ከአካባቢው አየር 2 ዲግሪ ከፍ ይላል። በ1.2 ዲግሪ ቀየርኩት። ትልቅ፣ ከባድ፣ የሚያምር ጥቁር አኖዳይዝድ። ለስራ እንዲመቸኝ የሳጥኑን ክዳን ከፍቼ ሙዚቃ ለቀቅኩ። ሂት ሲንኩ ለብ ያለ ነው፣ እጄን እንደፈለግኩ አስቀምጬ መቆየት እችላለሁ። ተገላገልኩ ብዬ ድምፁን ጨመርኩ። በ40ኛው ደቂቃ ግራው ጭጭ አለ።

ጓደኛዬ «ክላስ ዲ ቦርድ ግዛና ተገላገል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ክላስ ዲ (ትራንዚስተሮቹን በፍጥነት እያበራ እያጠፋ የሚሰራ የአምፕ ዓይነት) ሙቀቱ በጣም ትንሽ ነው። ግን ነገሩ እልህ ሆኖብኝ ነበር። ደግሞ ለብ ያለ ሂት ሲንክ ላይ የተቀመጠ ቺፕ በሙቀት ይጠፋል ብሎ ማን ያምናል? እሱም አላመነም። «ሂት ሲንኩ ከቀዘቀዘ ሙቀት አይደለም፣ ሌላ ነገር ፈልግ» ብሎኝ ሄደ።

ሌላ ነገር ከመፈለጌ በፊት ዳታሺቱን በደንብ አነበብኩ። መጀመሪያ ቀን መደረግ የነበረበት ነገር ነው፣ እሺ። የኤልኤም 1875 የሙቀት መከላከያ እንዲህ ነው የሚሰራው፦ ውስጡ ያለው ሲሊከን 170 ዲግሪ ሲደርስ ቺፑ ራሱን ያጠፋል። ወደ 145 ዲግሪ ሲወርድ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ እንደገና መጋል ከጀመረ ግን 170ን አይጠብቅም፣ 150 ላይ ያጠፋል። አንድ ጊዜ ለሚመጣ ሙቀት ሰፊ እድል ይሰጣል፣ ለሚደጋገም ግን ይጠነቀቃል። ይህን ሳነብ ያችን ልብ ያላልኳትን ነገር አስታወስኩ። የመጀመሪያው መጥፋት ብዙ ደቂቃ፣ ቀሪዎቹ በሰከንድ። ከ145 እስከ 150 ያለችው አምስት ዲግሪ በሰከንዶች ውስጥ ታልፋለች። እንግዲህ ሙቀት ነው። ሂት ሲንኩ ምንም ይበል፣ ሲሊከኑ 170 እየደረሰ ነው።

ቀጥሎ ሂሳብ። እንዲህ ያለ አምፕ ውስጥ ከፓወር ሳፕላዩ የመጣው ቮልቴጅ ስፒከሩ ላይ ካልዋለ ትራንዚስተሩ ላይ ነው የሚውለው። ከረንቱ ደግሞ በሁለቱም ያልፋል። ድምፁ ሲከፈት ከረንቱ ይጨምራል፣ ትራንዚስተሩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ቺፑ በጣም የሚግለው ድምፁ ጣሪያ ሲነካ አይደለም፣ የሳይን ሞገዱ ጫፍ ከሳፕላዩ 64 በመቶ ሲደርስ ነው። በእኔ አምፕ 10 ቮልት ገደማ መሆኑ ነው። እዚያ ነጥብ ላይ ስፒከሩ ላይ የሚደርሰውና በውጤት ትራንዚስተሮቹ ላይ የሚቀረው ዋት እኩል ነው።

ያንን ትልቁን ሙቀት ለማወቅ ጠቅላላውን ቮልቴጅ (ከማይነስ 16 እስከ ፕላስ 16፣ 32 ነው) በራሱ ማባዛት ነው፣ 32 በ32፣ 1024። ከዚያ 19.7ን (የፓይ ስኩዌር እጥፍ ነው) በስፒከሩ ኦም አባዝቶ ለሱ ማካፈል። በ8 ኦም 6.5 ዋት ይመጣል። በ4 ኦም 13 ዋት፣ ልክ እጥፉ። ሙዚቃ ሳይኖርም የሚበላው 2.2 ዋት አለ፣ 70 ሚሊአምፔር በ32 ቮልት። ሲደመር 8.7 ዋት የነበረው 15.2 ሆነ ማለት ነው፣ ለእያንዳንዱ ቺፕ። በዚያ ላይ 4 ኦም የተባለ ስፒከር በአንዳንድ ፍሪኩዌንሲ ከ4 በታች ይወርዳል። ሙዚቃ እንደ ሳይን ሞገድ ያለማቋረጥ አይጮህም፣ አማካዩ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ዘመናዊ ተጨምቆ የተቀዳ ሙዚቃ በከፍተኛ ድምፅ ሲለቀቅ ግን በእኔ ልኬት አንዱ ቺፕ 10 ዋት ያህል እየበላ ነበር።

እሺ 10 ዋት። ሂት ሲንኩ በዋት 1.2 ዲግሪ ነው፣ ሁለቱ ቺፖች 20 ዋት፣ ስለዚህ ከአየሩ 24 ዲግሪ ከፍ ይላል። ክፍሉ 25 ከሆነ 49። ለብ ያለ። ልክ እጄ እንደነገረኝ። በቺፑ ውስጥ ከሲሊከኑ እስከ ብረት ምላሱ ያለው ደግሞ በዋት 3 ዲግሪ ነው፣ 30 ዲግሪ ይጨምራል። 79 ሆነ። ከ79 እስከ 170 ያለው 91 ዲግሪ የት ገባ? ያልቆጠርኩት ቦታ አንድ ብቻ ነው የቀረኝ፣ በምላሱና በሂት ሲንኩ መካከል ያለችው ስስ ነገር።

ልለካ ተነሳሁ፣ እዚህም አንዴ ተሸወድኩ። በኢንፍራሬድ ጠመንጃ (ሳይነካ ሙቀት የሚያነብ መሳሪያ) ምላሱን አነጣጥሬ 50 አካባቢ የሚል ቁጥር አገኘሁ። ደስ አለኝ፣ ሶስት ቀንም አባከነብኝ። የሚያብረቀርቅ ብረት በራሱ የሚያወጣው ጨረር በጣም ጥቂት ነው፣ ጠመንጃው የሚያነበው በአብዛኛው ከክፍሉ መጥቶ ብረቱ ላይ የተንጸባረቀውን ነው። መስታወት ላይ ተኩሶ የራስን ፊት መምታት በሉት። በኋላ ቀጭን ቴርሞካፕል (ነክቶ ሙቀት የሚለካ) ሽቦ አንዱን ምላሱ ላይ፣ ሌላውን ከምላሱ አጠገብ ሂት ሲንኩ ላይ አጣበቅኩ። (የዚህ ቺፕ ምላስ ከማይነስ ሳፕላዩ ጋር የተገናኘ ነው፣ ስለዚህ የሙቀት መለኪያው በባትሪ የሚሰራ ይሁን፤ ከግራውንድ ጋር የተያያዘ መሳሪያ ከሆነ ብልጭታው ሌላ ታሪክ ነው።)

በስፒከሩ ፈንታ 4 ኦም ትልቅ ሬዚስተር አሰርኩ፣ ጫፉ 4 ቮልት የሆነ ሳይን ሞገድ አስገባሁ። ከሳፕላዩ የሚገባው 12.4 ዋት ነው፣ ሬዚስተሩ ላይ የሚደርሰው 2 ዋት። ቀሪው 10.4 ዋት ቺፑ ላይ ነው። ለ2 ዋት ድምፅ ከ10 ዋት በላይ ሙቀት! አንድ ቻናል ብቻ ነው ያስጮህኩት። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ሂት ሲንኩ 44 ዲግሪ። ምላሱ 131።

ቁጥሩን ሁለቴ አየሁት። ግማሽ ሴንቲሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ 87 ዲግሪ ልዩነት። ለ10.4 ሲካፈል በዋት 8.4 ዲግሪ። ሲሊከኑ ደግሞ ከምላሱ ሌላ 31 ይጨምራል፣ 162 ደርሷል። ለ170 ስምንት ዲግሪ ቀርቶታል። ትንሽ ድምፅ ብጨምር፣ የቀኙም ቻናል ሂት ሲንኩን ትንሽ ቢያሞቀው፣ አለቀ።

ጥፋተኛው የኔው እጅ ነው። ምላሱ ማይነስ ስለሆነ ከሂት ሲንኩ መለየት ነበረበት፣ እኔም ስሰራው በእጄ የነበረውን ለስላሳ ቴርማል ፓድ ቆርጬ አስገብቼ ነበር። 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ኮምፒውተር ውስጥ ክፍተት ለመሙላት የሚሆነው ዓይነት። ማሸጊያው ላይ የሙቀት ማስተላለፉ 1.5 ይላል። የምላሱ ስፋት 10 በ15 ሚሊሜትር ነው። ውፍረቱን ለማስተላለፉና ለስፋቱ ስታካፍሉት በዋት 6.7 ዲግሪ ይመጣል። ማለትም ወረቀት ላይ እንኳን ፓዱ ብቻውን ከቺፑ ውስጠኛ እንቅፋት እጥፍ ይበልጣል። ቀሪው ከ6.7 እስከ 8.4 ያለው ፓዱን ስነቅለው ታየኝ። ብሎኑ ያለበት ጫፍ ላይ ፓዱ ተጨፍልቆ ጎድጉዷል፣ ሲሊከኑ ባለበት በታችኛው በኩል ግን የምላሱ ቅርጽ እንኳን በደንብ አልታተመበትም። ብሎኑን «ጠበቅ ይበል» ብዬ በካቻቪቴ እስከ መጨረሻው ስጠመዝዘው ምላሱ ፓዱ ውስጥ ሰጥሞ፣ እንደ ሚዛን ሌላኛው ጫፍ ተነስቷል። ባጠበቅኩት ቁጥር የሚፈለገው ቦታ እየላላ ሄደ። የቀኙ ላይ እንዲህ አልጠመዘዝኩትም፣ ለዚህ ይመስለኛል ግራው ብቻ ይጠፋ የነበረው።

ሁለታችንም፣ እኔም ጓደኛዬም፣ ያልገባን ነገር ይህ ነው። ሂት ሲንኩ ሲቀዘቅዝ «ሙቀቱ አልተላለፈም» ይባላል። ትክክል አይደለም። ተላልፏል። ነገሩ ከተረጋጋ በኋላ 10 ዋት ቺፑ ውስጥ ከተፈጠረ 10 ዋቱ በሙሉ ሂት ሲንኩ ጋ ይደርሳል፣ ሌላ መሄጃ የለውማ። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ሙቀቱ አይቆምም፣ የሚገፋው ልዩነት እስኪፈጠር ድረስ ቺፑ ይግላል። ፓዱ ጥሩ ሆነም መጥፎ፣ ሂት ሲንኩ ያው 44 ነው። ስለዚህ ሂት ሲንክን በእጅ ነክቶ ስለ ቺፑ መፍረድ አይቻልም። እጅ የሚነግራችሁ ስንት ዋት እንደሚያልፍና ሂት ሲንኩ ለዚያ መብቃት አለመብቃቱን ብቻ ነው።

ለማስተካከል ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንዱ፣ ሁለቱም ምላሶች ያው ማይነስ 16 ቮልት ላይ ስለሆኑ፣ ምንም መለያ ሳያደርጉ በቀጥታ ሂት ሲንኩ ላይ ማሰርና ሂት ሲንኩን ራሱን ከሳጥኑ መለየት። ለሙቀት ከሁሉም ይሻላል። ግን ያ ሁሉ ብረት ማይነስ ተሸክሞ ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ፣ አንድ ቀን አንድ የተፈታ ብሎን ወድቆ ከግራውንድ ጋር ያገናኘዋል። ተውኩት።

የመረጥኩት ሚካ ነው፣ ስስ የማዕድን ቅጠል። የድሮ ዕቃ ይመስላል፣ ግን ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ እንኳን አይሞላም፣ ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም። ቴርማል ፔስቱን በሁለቱም ገጽ በጣም ስስ አድርጌ ቀባሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው እንደ ቅቤ ይለቀልቀዋል፣ ፔስት ግን ስራው በብረቶቹ መካከል ያለውን አየር ማስወጣት ነው እንጂ ራሱ ጥሩ አስተላላፊ አይደለም። ከአሉሚኒየም ጋር ካነጻጸርነው ምንም ነው። ብሎኑንም ተውኩና የቺፑን ፕላስቲክ መሃል ላይ የሚጫን የብረት ክሊፕ አደረግኩ። ክሊፑ ሲሊከኑ ካለበት በላይ ነው የሚጫነው፣ ማዘንበል የለም። ከማብራቴ በፊት በቴስተር ምላሱና ሂት ሲንኩ አለመገናኘታቸውን አየሁ። ይህን አትዝለሉት፣ ብረት ላይ የቀረች አንዲት ስል ጫፍ ሚካውን ትበሳለች።

ያው ፈተና፣ ያው 10.4 ዋት። ሂት ሲንኩ 45፣ ምላሱ 57። 12 ዲግሪ ልዩነት፣ በዋት 1.2 ገደማ። ሲሊከኑ ከ162 ወደ 88 ወረደ። ሂት ሲንኩ ግን በአንድ ዲግሪ ነው የተለወጠው። ብነካው ኖሮ ምንም እንዳልተሻሻለ ነበር የማስበው።

ከዚያ ክዳኑን ዘጋሁ። እዚህ ነው ሁለተኛው ችግር የመጣው፣ አነስ ያለ ግን። ሁለቱንም ቻናል በከፍተኛ ድምፅ አንድ ሰዓት አስጮህኩ፣ አልጠፋም፣ ግን ሂት ሲንኩ 71 ደረሰ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር 44 ነበር። በዋት 1.2 የሚለው ቁጥር የሚሰራው ክንፎቹ ቀጥ ብለው ቆመው፣ አየር ከታች ገብቶ ከላይ ሲወጣ ነው። እኔ ለቁመናው ብዬ ክንፎቹን አግድም አስተኝቻቸው ነበር፣ በክንፎቹ መካከል የሞቀው አየር ወደ ላይ መውጫ የለውም። ሂት ሲንኩን አዙሬ አቆምኩት። ከስሩ ሳጥኑ ላይ አንድ ረድፍ ቀዳዳ፣ ከላዩም አንድ ረድፍ። ከላይ ብቻ መብሳት አይበቃም፣ የሚገባ ከሌለ የሚወጣም የለም። የሳጥኑ የጎማ እግሮች 3 ሚሊሜትር ነበሩ፣ የታችኛው ቀዳዳ ጠረጴዛውን ስሞ ተቀምጧል ማለት ይቻላል፤ በ10 ሚሊሜትር ቀየርኳቸው። ፋን አላስገባሁም፣ ሙዚቃ ዝም ሲል የፋን ድምፅ መስማት አልወድም። የውስጡ አየር 32፣ ሂት ሲንኩ 56 ሆነ። በ10 ዋት ሲሰላ ሲሊከኑ 98 አካባቢ ነው።

የከፋውንም ሞከርኩት። ሁለቱም ቻናል ላይ ሬዚስተር፣ ያ 10 ቮልት የሚሆነው መጥፎው ነጥብ ላይ፣ አንድ ሰዓት። ሂት ሲንኩ 76 ደረሰ። ከዚያ ተነስቼ ሳሰላው ሲሊከኑ 140 ይሆናል። ከ150 በታች ነው፣ ግን ይህን ያህል ቀርቦ መኖር አልወድም። ሙዚቃ ስለሆነ የሚያልፈው ይሁን ብዬዋለሁ።

በመንገዴ ሂት ሲንኩን ተጠግተው የቆሙትን ሁለት ትላልቅ ካፓሲተሮች ወደ ትራንስፎርመሩ በኩል ወሰድኳቸው፣ የ85 ዲግሪ ስለነበሩም በ105 ቀየርኳቸው። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል፣ ከጋለ ብረት አጠገብ የሚቆምበት ምክንያት የለም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ያ አሮጌው ሂት ሲንክ፣ «ትንሽ ነው» ብዬ የጣልኩት፣ በእርግጥ ትንሽ ነበር ወይ? አንድ ምሽት መልሼ ገጠምኩት፣ በሚካውና በክሊፑ፣ ቀዳዳ በተበሳው ሳጥን ውስጥ። ያው ሙዚቃ፣ ያው ድምፅ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ። ሂት ሲንኩ 73 ደረሰ፣ ሲሊከኑ 115 ገደማ መሆኑ ነው፣ አንዴም አልጠፋም። እንግዲህ ለሙዚቃ ይበቃ ነበር፣ ትልቁን የገዛሁት ለማይጠቅመኝ ነገር ነው። ቢሆንም በማግስቱ ትልቁን መልሼ አሰርኩት። 73 ዲግሪ ጣት ያቃጥላል፣ ገንዘቡም አንዴ ወጥቷል።

ፓዱ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ግማሹ ተጨፍልቆ።